ሰባት የሰው ማሊያ

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲያትል ውስጥ ሁለቱን ሐይቆች በሚያገናኘው ቦይ ዳር ቆሜ፣ የእህቴ የልጅ ልጅ ሰልማ የቀዘፋ ውድድሯን ጨርሳ ከጀልባ ወርዳ ወደ እኔና ወደ እናቷ ስትመጣ አየሁ። ስትገባ ከረዥም እጅጌው ጥቁር ልብሷ በላይ የቡድኑን ማሊያ ደርባ ነበር። ስትወጣ ማሊያው የለም። ሻሿ ከግንባሯ ተጣብቆ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ነው የመጣችው።

«ልብስሽን ማን ወሰደው?» አልኳት።

«ሰጠኋቸው።»

«ለማን?»

«ላሸነፉን። ሶ፣ ሩሉ ነው። የተሸነፈው አውልቆ ላሸነፈው ይሰጣል። አንቺ አታውቂም እንዴ? እዚህ ሠርተሻል አይደል?»

ሰልማ ኢማሙን ሳይቀር ሁሉንም ሰው «አንተ»ና «አንቺ» ነው የምትለው፤ እናቷ ሐያት ሁልጊዜ ትቆጣታለች፣ እኔ ግን ለምጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሐያት ፎጣ እያለበሰቻት፣ «አክስቴ፣ የቆየ ልማድ ነው አሉ፤ አሠልጣኟ ነግራኛለች» አለችኝ። «ትልልቆቹም፣ የአገር ቡድኖቹም ያደርጉታል። የአሜሪካ ሴቶች ውጭ አገር ሄደው ሲያሸንፉ የተሸናፊዎቹን ማሊያ ይዘው ነው የሚመለሱት። ከሜዳሊያው ይበልጥ የሚወዱትም አሉ ይባላል።»

በዚያው ቅጽበት ያሸነፉት ልጆች፣ የተቀበሉትን ማሊያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እየተሳሳቁ በአጠገቤ አለፉ። ሽታው መጣ። ላብ፣ የሐይቅ ውኃ፣ ታሽጎ የቆየ እርጥብ ጨርቅ። እርጥብ መሆኑን ሳላስተውል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሽታ አንድ ጊዜ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም፣ ከአንድ ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ሲወጣ አውቀዋለሁ። በቦርሳው ውስጥ ሰባት ማሊያዎች ነበሩ። የሰባት አገር ማሊያ። ምን እንዳደረግኳቸውም አልረሳሁም፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ እንዲያውም በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥሩ ሥራዎች መካከል እቆጥረው ነበር።

ያን ጊዜ እዚያው ቦይ ዳር ባለ አንድ የጀልባ ቤት ፎጣ አጣቢ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከደሴ ስመጣ የነበረኝ ትምህርት አራተኛ ክፍል ነው። የምኖረው ከቼሪ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከሁለት የወሎ ልጆች ጋር በተከራየነው ቤት ነበር። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ለመያዝ ገና ሳይነጋ እወጣለሁ። ዋጋው ከአንድ ዶላር ብዙም አይበልጥም፣ ሾፌሩ ከጥቅል ወረቀት ቀዶ ትኬት ይሰጥሃል፣ የትኬቱ ቀለም በየቀኑ ይለያያል፤ ዛሬ ብርቱካንማ፣ ነገ ሐምራዊ። እኔ አንዱንም አልጥልም ነበር። መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ያቆምኩበትን ገጽ ለማመልከት እጠቀምባቸዋለሁ፤ ያ መዝገበ ቃላት ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ሲገለጥ ቀስተ ደመና ይመስላል። ኮቴ ከጃክሰን ጎዳና የአሮጌ ልብስ ሱቅ በሰባት ዶላር የገዛሁት አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ አለው፤ ስለብሰው ከራሴ ሰፍቼ እታያለሁ። የዚያ ዘመን ልብስ ሁሉ ትከሻ ነበረው። ዛሬ ልጆቹ ያንኑ ኮት «ቪንቴጅ» ብለው በመቶ ብር ይገዙታል፤ ብር ማለቴ ዶላር ነው፤ ይህቺ አነጋገር እስካሁን አልለቀቀችኝም።

ላውንድሪው ከጀልባዎቹ መደርደሪያ በስተኋላ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ማጠቢያ፣ ሁለት ማድረቂያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። በማድረቂያዋ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ተቀምጣለች፣ አንቴናዋ በኮት መስቀያ ሽቦ የተቀጠለ። ሱብሒን የምሰግደው ማድረቂያዋ ሥር ነበር፤ ሙቀቱ ለጉልበቴ ይስማማዋል። አቅጣጫውን ያገኘችልኝ ዶሪን ናት፤ ከጀልባ ላይ ኮምፓስ ፈትታ አምጥታ፣ ካርታ ዘርግታ፣ ወለሉ ላይ በቀይ ማርከር መስመር አሰመረችልኝ። ማርከሩ መቅዘፊያ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ስለነበር ስንት ዓመት ባሸው አልለቀቀም።

ዶሪን የአሜሪካ የሴቶች ቡድን ቀዛፊ ነበረች። በዚያች ስምንት ሴቶች በሚቀዝፏት ረዥም ጀልባ ላይ አምስተኛው ወንበር የእሷ ነው። በር ስትገባ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፤ መዳፏ ሞፈር የጨበጠ የገበሬ መዳፍ ነው፤ ውኃ የቋጠረውን ስትበሳ ማየት አልችልም ነበር። አገሯን ወክላ ባሕር ማዶ ትሄዳለች፣ ትወዳደራለች፣ ታሸንፋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ባለ መጋዘን ካርቶን ትጭናለች። መኪናዋ በአንድ በኩል በሩ በገመድ የታሰረ ነበር። ከልምምድ በኋላ አግዳሚው ላይ ፎጣ ተከናንባ ተቀምጣ፣ ቀዝቃዛ ባቄላ ከጣሳው በማንኪያ ትበላለች። እኔ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሲባል ሌላ ነገር ነበር የሚታየኝ። «ደሞዝ አይከፍሏችሁም?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን። ሳቀች። «እኔ ዕድለኛ ነኝ» አለችኝ። «ከኛ በፊት የነበሩት ወንዶቹ የጣሉትን ጀልባ ጠግነው ነው የቀዘፉት። ሴት የምትታጠብበት ክፍል እንኳ አልነበረም፤ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ በአውቶቡስ ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር።» ከጋዜጣ የተቆረጠ የእነዚያን ሴቶች ፎቶ ቁም ሳጥኗ ላይ ለጥፋለች፤ ዘጠኝ ሴቶች፣ ስምንቱ ቀዛፊ አንዷ የጀልባዋ መሪ፣ ሁሉም ፀጉራቸው ተሸሽጎ፣ ሁሉም ዓይናቸውን አጥብበው ፀሐይ የሚያዩ። አንዳቸውንም በስም አላውቃቸውም፤ ፊታቸውን ግን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው የምለይ ይመስለኛል።

ኦሎምፒክ ሲሆን ያቺ ትንሽ ቴሌቪዥን አትጠፋም። ፎጣ እያጠፍኩ፣ ዶሪን እየተረጎመችልኝ፣ የአሜሪካን ሴቶች አንድ በአንድ ተዋወቅኳቸው፤ ከሰልማ የማይበልጡትን ጂምናስቲከኞች፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ዋናተኞች፣ ከመሮጣቸው በፊት ከንፈራቸውን የሚቀቡትን ሯጮች። በረዥሙ ሩጫ ተራው የእኔ ነበር። አንዲት የኛ ልጅ ሌሎቹን ሁሉ ጥላ ስትሄድ ማጠፌን አቁሜ ቆምኩ። ዶሪን አየችኝ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ማንኪያዋን ባቄላው ውስጥ ሰክታ፣ «እሺ፣ ትችላለች» አለች። «ግን ሐይቅ ውስጥ ትምጣና እንተያይ።» ዛሬ በከተማችን አውቶቡስ ጎን ላይ የሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሥዕል አለ፤ የሴቶቹ እግር ኳስ ሲኖር ባቡሩ መቆሚያ ያጣል፣ ወንዶች የሴት ስም የተጻፈበት ማሊያ ለብሰው ይሄዳሉ። እኔ ባቡር ውስጥ ሆኜ እነሱን ሳይ ያቺ የባቄላ ጣሳ ትታየኛለች።

የማታ ትምህርት ጀምሬ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ የሚያስቆጥረውን ፈተና ለመውሰድ ነው ዓላማዬ፤ ያን ፈተና ካለፍኩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አመለክታለሁ ብዬ ለማንም ሳልነግር ወስኛለሁ። ለዶሪን ብቻ ነገርኳት። ልብሷ እስኪደርቅ አጠገቤ ተቀምጣ የጻፍኩትን በዚያችው ቀይ ማርከር ታርማለች። አትራራም። እኔም እንዲራሩልኝ አልፈልግም። «ድጋሚ» ትለኛለች፣ ድጋሚ እጽፋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጎ ያስተማረኝ ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ ቦርሳው። አንድ በጋ ዶሪንና ጓደኞቿ ከአውሮፓ ውድድር ተመለሱ። ጠዋት መጣች፣ ሰማያዊውን ቦርሳ አግዳሚው ሥር ገፋ አደረገችው፣ ሰዓት ረፍዶባት ወደ መጋዘኑ ሮጠች። በማግስቱ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ልምምድ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደች። ቦርሳውን ረሳችው። በአራተኛው ቀን ሽታው ክፍሏን ሞላው፤ ከፈትኩት። ሰባት እርጥብ ማሊያዎች፣ ሻጋታ የጀመራቸው። የካናዳ። የሆላንድ። የሩማንያ። የዴንማርክ። የአውስትራሊያ። የጣልያን። በሰባተኛው ላይ ያለው በዚያው ሰሞን ከካርታ ላይ የጠፋ አገር ስም ነው። የአሜሪካ አንድም የለም።

አባቴ ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ደንበኛ ለቁልፍ ብሎ ትቶት የሄደውን ኮት ዘጠኝ ዓመት ሰቅለው ጠብቀዋል፤ በየክረምቱ ማግስት አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል፣ ብል እንዳይበላው ያራግፉታል። የሰው ልብስ አማና ነው ይሉ ነበር፤ ባለቤቱ እስኪመጣ አንተን የሚጠይቅህ አላህ ነው። እኔ ደግሞ ከጀልባ ቤቱ በፊት ሆቴል አጽድቻለሁ። እዚያ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሳጥን ውስጥ የእንግዳ ሻርፕ ተገኝቶ፣ በዚያው ሰዓት ዩኒፎርሟን አውልቃ ስትወጣ አይቻለሁ። ሰባቱን ማሊያዎች ዘርግቼ ሳይ የመጣልኝ ይህ ሁሉ ነው። በገመድ የታሰረው የመኪና በር መጣልኝ። ባቄላው መጣልኝ። ደግማ ደጋግማ የምትጠግነው ካልሲዋ መጣልኝ። ሰባት አዳዲስ ማሊያ፣ ከሰባት ሴቶች።

በልቤ ምን እንዳልኩ ሳልሸፋፍን ልጻፈው። ሰርቃለች አልኩ። ችግር ነው ያስነካት አልኩ።

እሷን መጠየቅ ማሳፈር ነው። ለአለቃ መንገር ማስባረር ነው። የሰው ገመና ለሸፈነ አላህ ገመናውን ይሸፍንለታል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህን ነው። ስለዚህ እሷ ሳትመለስ ነገሩን ላስተካክለው ወሰንኩ። ማሊያዎቹን ሁለት ጊዜ አጠብኳቸው፣ አንገታቸውን በብሩሽ፣ ብብታቸውን በኮምጣጤ። ተኮስኳቸው። ዋናው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፣ የየአገሩን የቀዘፋ ማኅበር አድራሻ የሚፈልግልኝ ሰው ጠየቅኩ፤ አንድ ሽበታም ሰውዬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከኔ ጋር ወፍራም መጽሐፍ ሲገልጥ ዋለ። ለስድስቱ አገኘ። ለሰባተኛው መጽሐፉን ዘጋና፣ «ይህ አገር የለም» አለኝ። ደብዳቤውን ለብቻዬ ጻፍኩት፤ በእንግሊዝኛ ያለማንም እርዳታ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ሦስት ጊዜ አመሳክሬ። «ውድ እመቤት፤ ማሊያዎ በስሕተት ሲያትል መጥቷል። ታጥቧል። ማንም አልለበሰውም። እባክዎ በማንም ላይ አይዘኑ።» ስሜን አልጻፍኩም። በስድስት ፖስታ ስድስት ማሊያ ላክሁ። ሰባተኛውን ከነደብዳቤው አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ አገሩ ባይኖርም ሴትዮዋ አለች ብዬ።

ዶሪን ስትመለስ በቀጥታ ወደ አግዳሚው ነው የመጣችው።

«ሰማያዊ ቦርሳ ትቼ ነበር።»

«አለ። አጥቤዋለሁ።»

«ውስጡ የነበሩትስ?»

ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ለባለቤቶቻቸው ላክኋቸው» አልኳት። የፖስታ ቤቱን ደረሰኞች ከመዝገበ ቃላቴ አውጥቼ ሰጠኋት። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። ሐፍረት ነው ብዬ አዘንኩላት። ክንዷን ያዝኩና፣ «ማንም አያውቅም» አልኳት። «ለማንም አልነገርኩም።»

ደረሰኞቹን እንደገና ከላይ ጀምራ አየቻቸው። ከዚያ፣ «አድራሻውን ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ።

«ራሴ።»

«ደብዳቤም አለው?»

«አለው።»

«ያለ እኔ?»

«ያለ አንቺ።»

ደረሰኞቹን አስተካክላ መለሰችልኝ። «ጎበዝ ነሽ» አለች። ፈተናዬ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው። ያለ ኮት ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ በመስኮቱ አየኋት፤ በሩ በገመድ የታሰረው መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ጸጸት ነው አልኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ፣ ዳግመኛ ችግር እንዳያስነካት፣ በየጠዋቱ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በጨው አመጣላት ነበር። ወደ ውድድር በሄደች ቁጥርም ስትመለስ ቦርሳዋን በዓይኔ እፈትሻለሁ። ሰማያዊው ቦርሳ ግን ዳግመኛ ላውንድሪ አልመጣም።

ፈተናውን አለፍኩ። ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ አስገብቼ መጽሐፍ አስወጥቼ ጡረታ ወጣሁ። ዶሪን መቅዘፍ አቆመች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ጎረቤት ከተማ ታኮማ ገባች። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እንደዋወላለን። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጎኗን ስትሮክ መታት፤ ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ማሊያዎቹ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ዝም ያልኩት ሸፍኜላት ነው። ሰባተኛዋን ማሊያ በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት አውጥቼ አጥባለሁ፣ ፀሐይ ሲገኝ አሰጣለሁ፣ አጥፌ እመልሳለሁ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በቅጡ አልወሰደኝም። ሐያትን ጠርቼ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ፊቴን ስታይ ግን ተወችው።

«ይተዉት አክስቴ። ይሄኔ ረስታዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም ካላለች አልከፋትም ማለት ነው።»

«ማሊያውን መላኬ አይደለም የሚቆረቁረኝ። ሌባ ነች ብያለሁ።»

«በልብዎ ነው ያሉት። እሷ አልሰማችም።»

«ሠላሳ ዓመት ነው ያልኩት፣ ሐያት። በየጠዋቱ አብሬያት እየበላሁ።»

«ቢከፋትስ? በዚህ ጤናዋ ላይ? ኦኬ፣ ማሊያዋን ይስጧት፤ ያኛውን ግን ለምን ይነግሯታል?»

ይህን እኔም አስቤው ነበር። ማሊያዋን ብቻ ሰጥቼ ብመለስ ደግ ሴት ሆኜ እቀራለሁ። አባቴ ግን ኮቱን ለባለቤቱ ሲመልሱ፣ በአራተኛው ዓመት ብል የበላትን ቀዳዳ ራሳቸው ናቸው ያሳዩት።

ሐያት ወደ ታኮማ ነዳችልኝ። የወደቡ ክሬኖች ከጭጋግ ውስጥ እንደ ግመል አንገታቸውን አውጥተው ቆመዋል። «ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ፣ ወይስ ብቻዎን ይገባሉ?» አለችኝ። ብቻዬን አልኳት።

ዶሪን መስኮት ዳር ወንበሯ ላይ ነበረች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻዋ ግን ዛሬም እንደ በር የሰፋ ነው። በቀኝ እጇ ሻይ ይዛለች፣ ግራዋ ጭኗ ላይ ተኝታለች። የላስቲኩን ከረጢት ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ከፈተችው። የማሊያዋን ቀለም ስታይ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህን የት አገኘሽው?»

«ከቦርሳሽ። አድራሻ አልተገኘለትም ነበር። አስቀመጥኩት።»

«ሠላሳ ዓመት?»

«አጥቤ። በየዓመቱ።»

በአንድ እጇ ለመዘርጋት ስትታገል አገዝኳት። ስፌቱን፣ የአንገቱን ጠርዝ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ማተሚያ በጣቷ ዳሰሰች። ቁጭ አልኩና ያዘጋጀሁትን አልኩት። በአውቶቡስ ትኬት ምልክት እንዳደረግኩበት ቃል አንድ በአንድ አጥንቼው ነበር የመጣሁት፤ ሲወጣ ግን አጭር ሆነ።

«ዶሪን፣ ስለ ልማዳችሁ አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ነው የሰማሁት። የሰረቅሽ መስሎኝ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰባት ማሊያ?»

«ሰባት።»

«ከሰባት አገር?»

«ድሃ ስለነበርሽ። ባቄላ ስለምትበዪ።»

«ለዚህ ነው 'ማንም አያውቅም' ያልሽኝ?» አለች። ከዚያ ዓይኗ ጠበብ አለ። «ቆይ። እንቁላሉም ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

የሳቀችው በግማሽ ፊቷ ነው፤ ግማሹ አይታዘዝላትም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ፤ የመጣሁት ለዚህ ነው፣ ቢከፋትም ልቀመጥለት ነው።

«መኪናው ውስጥ አልቅሻለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «ያን ዕለት። ታውቂዋለሽ?»

«አይቼሻለሁ። የተጸጸትሽ መስሎኝ ነበር።»

«እነዚያን ሰባት ማሊያዎች ለማግኘት ሦስት ዓመት ነው የቀዘፍኩት። ተመልሼ ልጮህብሽ ነበር። ከዚያ ያቺ ደረሰኝ ትዝ አለችኝ። የሩማንያን አድራሻ አንድ ፊደል ሳትስቺ ጽፈሽዋል። ፈተናሽ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። በሌላው ዓመት ስንገናኝ የሆላንዷ ልጅ አቀፈችኝ። እንደዚያ የተተኮሰ ማሊያ እናቷም አልሰጠቻትም አለች። የካናዳዋ ግን ለሁለት ዓመት አላናገረችኝም፤ ንቃኝ ነው የመለሰችው ብላ። እኔ አይደለሁም የላክሁት አላልኩም። ምን እላለሁ?»

«እኔ እንደላክሁት ትነግሪያቸው ነበር።»

«እንዴት አድርጌ? 'ማንም አያውቅም' ብለሽኝ።» ቃሉን ስትደግመው እንደኔ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። «ሆላንዷን በሌላው ዓመትም አሸነፍናት። አውልቃ ስትሰጠኝ፣ ተኩሰሽ መልሺልኝ አለችኝ።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ማሊያዋን መልሳ እጄ ላይ አደረገችው። የማትፈልገው መሰለኝ።

«በላስቲክ አይሰጥም» አለች። «እጅ በእጅ ነው። ቆመሽ።»

ቆምኩ። እሷም የወንበሯን ክንድ ይዛ መነሳት ጀመረች፤ ላግዛት ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ቀኝ እግሯን ተክላ፣ ተነሳች። ከበፊቱ አጥራለች፤ አሁንም ግን ቀና ብዬ ነው የማያት። ማሊያዋን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት፣ በቀኟ ተቀበለችኝ።

«ሰጪዋ የምትለው አለ» አለችኝ።

«ምን?»

«ጥሩ ቀዘፍሽ።»

በዚያች ላውንድሪ ውስጥ ያንን ሁሉ ዓመት ስሠራ፣ አንድም ቀን ወደ ውኃው ዳር ወጥቼ ስትቀዝፍ አላየኋትም ነበር። የማውቃት በካልሲዋ፣ በፎጣዋ ላይ በሚቀረው ደም፣ በቀይ ማርከሯ ነው። በሰባት አገር ሴቶች ፊት ምን እንደነበረች አንድ ጊዜም አልጠየቅኳትም፤ እኔ የጠየቅኩት ከየት አመጣችው ብዬ ነው፣ እሱንም ራሴን ብቻ።

«ጥሩ ቀዘፍሽ» አልኳት።

ከቀሚሷ በላይ አለበስኳት። ግራ ክንዷን እንደ ሕፃን ክንድ እያቀናሁ በእጅጌው ቀዳዳ አሳለፍኩት። ትከሻዋ ላይ ጠበባት፤ ደረቷ ላይ ያ አሁን የሌለ አገር ስም ተዘረጋ። ስትቀመጥ አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ አሸተተችው።

«ሳሙና ብቻ» አለች።

«ሠላሳ ጊዜ ታጥቧል።»

ሻይዋን ስታነሳ ስኒው አዘነበለና ደረቷ ላይ ፈሰሰባት፤ ቡናማው ውኃ በነጩ ጨርቅ ላይ እየሰፋ ወረደ። እጄ ከኔ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። ቶሎ በቀዝቃዛ ውኃ ካልተያዘ የሻይ ነጠብጣብ እንደማይለቅ አውቃለሁ።

«ተዪው» አለችኝ።

ተውኩት።